ጣራ ላይ የተጫነችው ብስክሌት

ወንድሜ ሰንሰለት፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደኅና ነኝ፣ ንዴቱ ካልገደለኝ።

በብስክሌት ወደ ሥራ ስለመሄድ እንድናገርላቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጠርተውኝ የለ? ዛሬ ጠዋት በተዋስኳት ብስክሌት ዳገቱን ወጥቼ ላብ በላብ ሆኜ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና "ዕቃ ለማድረስ ከሆነ በጓሮ በር ነው" አለኝ። "ተናጋሪው እንግዳ እኮ እኔ ነኝ" ብለው፣ "እንግዳው በመኪና ነው የሚመጣው" ብሎ ድርቅ አለብኝ።

ይህን ስንባባል የሥራ አስኪያጁ መኪና ማዕዘኑ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ጣራው ላይ የታሰረች ብስክሌት አወረደለት። ሰውዬው ወጣባትና እየተንገዳገደ ወደ ፎቶ አንሺው ነዳ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት፣ ተጨበጨበለትም። እኛ ሰፈር በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው "ምን ነካው?" ተብሎ ይታዘንለታል እንጂ እንዲህ ለፎቶ ተብሎ አይቀለድበትም።

እኔ በጓሮ በር ገብቼ ንግግሬን ጨርሼ ስወጣ ዶፉን ያወርደዋል። ሥራ አስኪያጁ "ይግቡ፣ እናድርስዎ" አለኝ። እምቢታው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይኸው ብስክሌቴ ከሱ ብስክሌት ጎን ጣራው ላይ ታስራ ትበሰብሳለች፤ እኔም ይህን የምጽፍልህ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው፣ ለማንም እንዳታሳይ። ፖስተኛው ግን ቀድሞህ ማንበቡ አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ዝናብ ቢመጣም ከብስክሌቱ አይወርድም።