ምላሱ ለስላሳ ነበር

ውድ ወንድሜ ላማር፣

ይህን ደብዳቤ ሳታነበው እንዳትቀደው እንድትነግርህ ለሚስትህ ደውዬ አደራ ብያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያልጻፍኩልህ ቃል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

የዓሣ ማጥመድ ውድድሩን ቀን መቼም አትረሳውም፤ ሽልማቱ ትልቁን ሾል ባስ፣ የወንዛችንን ዓሣ፣ ለያዘ ነበር። በፍሊንት ወንዝ ላይ ጀልባዋን ለወራጁ ውሃ ለቀቅናት፤ እኔ በመቅዘፊያው አቅጣጫ እያስያዝኩ፣ አንተ ከፊት ቆመህ ከአለቶቹ ጀርባ መንጠቆ ትወረውር ነበር። አባባ ከሞተ ስምንተኛ ወሩ ነው። ጀልባዋን ለአንተ ተናዝዞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አባባን ይዤ የቀዘፍኩት ግን እኔ ነበርኩ። ይህን ቂም ለማንም ሳልነግር በሆዴ ይዤዋለሁ።

ዓሣው መንጠቆውን ሲውጥ ጀልባዋ ዞረች። "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ ናዲን፣ አለቱ ላይ ልትሰቅይን ነው!" እያልክ ስትጮህ እየሳቅኩ ቀዘፍኩ። መረቡ ውስጥ ሲገባ ግን መቅዘፊያውን ትቼ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያን የሚያህል ባስ አይተን አናውቅም።

"ሾል ነው በይኝ" አልከኝ።

"መሬት ስንወርድ አየዋለሁ።"

ላማር፣ ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ። መንጠቆውን ሳወጣ አውራ ጣቴ ምላሱን ነክቷል። ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቁብን ነጠብጣቡ ባስ ምላሱ መሃል ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። የወንዛችን ልጅ ሾል ባስ አይሻክርም። ያንተ ዓሣ ምላሱ ለስላሳ ነበር።

ጀልባ ማቆሚያው ላይ አንተ ሾል ያዝኩ እያልክ ስታሳይ ሰው ሁሉ ከቦን፣ የሳይንስ አስተማሪ ስለሆንኩ የዓሣውን ዓይነት መለየቱን እንደ ወትሮው ለእኔ ተዉት። ጣቴን ድጋሚ አስገባሁና "ነጠብጣብ ነው" አልኩ።

አንዱ "እስቲ እኔም ልንካው" ሲል የከለከልከው አንተ ነህ። "ናዲን ካለች፣ ነው" አልክ። የራስህን ጣት እንኳ አላስገባህም። ነጠብጣብ ወደ ወንዙ አይመለስምና እዚያው አንገቱን ቆረጡት። ተጠብሶ ከበቆሎ ዳቦ ጋር ሲቀርብ እኔም በላሁ።

"ላማር፣ ድመት ይዘህ ነብር አልክ አሉ!" እያሉ ቀለዱብህ። ውሎ አድሮ ቀልዱ ስድብ ሆነ፤ ለሽልማት ብሎ ሊያታልለን ነበር አሉህ። በዓመቱ ቤትህን ሸጠህ ወደ ሞቢል ከተማ ስትሄድ ጀልባዋን ግቢዬ ድረስ ጎትተህ አመጣህልኝ። "ከመጀመሪያውም ያንቺ ነበረች፤ አባባ ተሳስቶ ነው" አልከኝ። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም። አመሰግናለሁ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው ባክስሊ ማጥመጃ የሚሸጡበት ሱቅ ገብቼ፣ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ እኛማ ቀልደን ረሳነው። እሱ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ወጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ይቅር በለኝ የሚለውን በወረቀት አልልክልህም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። የሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃፍህ ላይ ታገኘኛለህ። አልፈኸኝ ብትገባም አልፈርድብህም።

ያመንካት እህትህ፣
ናዲን