ያልወጣው እልልታ

ማክሰኞ

ጻፍ መላኩ። አማቼ ነህ፣ ፊደል ቆጥረሃል፤ እኔ አልቆጠርሁም።

የልጄ የየሺ ሽርት ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ፈሰሰ። መንደሩን ሁሉ ያዋለደችው ጎረቤታችን ዝናሽ «ጾም አይደል? ጎመን ስትበላ ከርማ ነው» አለች። ሴቶቹም አዎ አሉ። ጎመን በየት በኩል ነው ማህፀን የሚገባው? ላሜ እንዲህ ያለ ውሃ አፍስሳ አይቻለሁ፤ ጥጃው ሆዷ ውስጥ ተጨንቆ እዚያው አርቶ ነበር። ቅሬውን፣ የመንደሩን ዕድርተኛ፣ ጠራሁ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አወረድናት። የፊቱን እኔ ያዝሁ፤ ሽማግሌ ነህ ቢሉኝም አልለቀቅሁም።

አሁን በር ላይ ነን።

ረቡዕ

ትናንት ወለደች። ወንድ ነው። አረንጓዴ ተለቅልቆ ወጣ፤ አላለቀሰም። በወጉ ለወንድ የሚባለው ሰባት እልልታ ይገባው ነበር። ዝናሽ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

በበሩ ሆኜ «በእግሩ አንጠልጥይው! አራግፊው!» ብዬ ጮህሁ። ጥጃ እንዲያ ነው የሚድን። ሲስተሯ ዞር ሳትል «አባባ፣ ይሄ ጥጃ አይደለም፤ ይውጡልኝ» አለችኝ። ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። ወጣሁ።

ሲስተሯ አፉን ጠርጋ፣ ጭንብል ገጥማ አየር ሰጠችው አሉኝ። ከዚያ በአምቡላንስ ላሊበላ ሆስፒታል።

ሐሙስ

ኦክስጅን ላይ ነው። የገዛ ዓይነ ምድሩን ከውሃው ጋር ወደ ሳንባው ስቦታል አለ ሐኪሙ። ይተርፋል ወይ? አልሁት። እናያለን አለ። ሲተነፍስ ጎኑ ይሰረጉዳል።

አንተ መላኩ፣ ጻፍ፣ አባት ነህ። እኔ አላለቀስሁም። እንደ ደነዘዘ እግር ነኝ፤ ቢወጉኝም አልሰማ።

ዓርብ

ዝናሽ በእግሯ መጣች። ደጅ ተቀምጣለች። «አያ ካሴ፣ ጎመን መስሎኝ እኮ ነው» አለችኝ። የሺ ራሷ ስትወለድ የተቀበለቻት እሷ ናት። ትቻት ገባሁ።

ልጁ እንደ ትናንቱ ነው።

ቅዳሜ

ኦክስጅኑን ቀነሱለት። ጡት ሳበ። ከዚያ አለቀሰ፤ ቀጭን፣ የግልገል ድምፅ። ሐኪሙ ገና ነው፣ ሳንባው አልጠራም ይላል።

መላኩ መጻፉን ትቶ ያለቅሳል። ጻፍ!

እኔ አሁንም ምንም አልተሰማኝም። ደጅ ወጣሁና ዝናሽን «የልጁ እልልታ አንቺ ዘንድ ነው ያለው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኋት። ሕሙማን እንዳትረብሽ ከግቢው ወጣች። አራቱን ሰማሁ። አምስተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

የቀረው እልልታ፣ ልጁ ቤት ሲገባ።