ስለ ጀልባዋ ዋጋ በምስክሮች ፊት የተናገርኩት ቃል

እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የመኪና ባትላሜራ ሠራተኛ የነበርኩ፣ በሰፈሩ አጠራር «ባለ ጆሮው» የምባለው፣ በተወለድኩ በሰባ ስድስተኛው ዓመቴ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በቤቴ የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጬ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልሸሸገኝም። አእምሮዬ ግን ገና የራሴ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላባበለኝም። ልጄ አንድ ነገር እንድናገር ወትውታኛለች፤ እሱን በቦታው እገልጻለሁ፤ መወትወት ማስገደድ አይደለምና።

ቃሌን የሚጽፈው የሰነድ ጸሐፊ ነው። ለምስክርነት የተቀመጡት አራት ናቸው፦ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር፣ የማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ የሐይቁ ዳር የጀልባ መካኒክ፣ እንዲሁም የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ሴቷ ልጄና ወንዱ ልጄ በሩ አጠገብ ቆመው ይሰማሉ። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ መቀመጥ አልሆነላቸውም።

አንደኛ፦ ስለ ቀብሬ። በባለቤቴ ጎን ይሁን። ጸሎት ይበቃኛል፤ ንግግር አይደረግልኝ። ሰው በቀብር ላይ ሲናገር ደግነቱ ያዋሸዋል፤ እኔ ደግሞ ሌላውን ሰው የማዋሽበት ዕድሜ አልፏል።

ሁለተኛ፦ ስለ ቤቱ። ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። የጓሮውን ክፍል ግን ሴቷ ልጄ ትውሰድ፤ እናቷን ሦስት ዓመት ያስታመመችበት ነውና። ወንዱ ልጄ ቅር አይበለው። በየወሩ ገንዘብ ሲልክ ኖሯል፤ አልዘነጋሁም። ነገር ግን መላክና ማስታመም አንድ አይደሉም።

ሦስተኛ፦ መዶሻዎቼና የመደገፊያ ብረቶቼ በሙሉ ለሴቷ ልጄ። ብረት ሲናገር ትሰማለች። የሒሳብ ሠራተኛው ወንዱ ልጄ መዶሻ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው የገዛ አውራ ጣቱን ነው።

አራተኛ፦ ስለ ጀልባዋ። ጸሐፊው በአጭሩ «አንዲት የሞተር ጀልባ ከነተጎታቿ» ብሎ ሊያልፍ ነበር። አይሆንም፣ እንደነገርኩህ ጻፍ አልኩት።

ጀልባዋ ስኪ ጎታች ናት። ለማያውቅ፦ እግሩ ላይ ሳንቃ ያሰረ ሰው ረጅም ገመድ ጨብጦ ውሃ ላይ ቆሞ ሲንሸራተት ከፊቱ የምትጎትተው እንዲህ ያለችው ጀልባ ናት። የባለቤቴ ወንድም ሐይቁ ላይ ጎብኚዎችን በክፍያ እያስጎተተ ይተዳደርባት ነበር። ጉልበቱ ሲታመም ሥራውን ተወ፤ እሷንም ዛፍ ሥር አቆማት። አራት ዓመት ቆመች። ቅጠል ሞላት፤ ከኋላ መቀመጫዋ ሥር ወፍ ጎጆ ሠራባት። በመጨረሻ ሸጧት ጉልበቱን ሊታከም አሰበና፣ «ጋሼ፣ ስንት ታወጣለች? አንተ ካልከው አልወጣም» አለኝ።

ለምን እኔን ጠየቀ? ስለ ጆሮዬ ነው። መኪና በጣቴ አንጓ ሳንኳኳ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ የተለጠፈበት ቦታ ድምፁ ይደፈናል። ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና አታልሎኝ አያውቅም። ገበያው ውስጥ እኔ ሳላንኳኳ መኪና የሚገዛ ሰው ጥቂት ነበር። እንግዲህ ዛፉ ሥር ሰው ከቦን ሳለ ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አንኳኳኋት። ከዳር እስከ ዳር የተደፈነ ድምፅ ሰጠችኝ። «ውስጧ በስብሷል። የሞተሯን ዋጋ ብታወጣ ነው» አልኩ። አርባ አምስት ሺህ ብዬ ፈረድኩ። ባለቤቴ በእሷ ላይ መቀመጥ ትወድ ነበርና በዚያው ዋጋ ራሴ ገዛኋት።

ያን ቀን አልዋሸሁም። ይህን በጸሎቴ ስንት ጊዜ ገልብጬ መርምሬዋለሁ፤ አልዋሸሁም።

በሦስተኛው ወር የበሰበሰውን እንጨት ልቀይር ወለሏን ከፈትኩ። የበሰበሰ ነገር የለም። እንጨቱ ጥፍር አያስገባም። ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ ፋብሪካው ውሃ ቢገባት እንኳ እንዳትሰምጥ ብሎ በፎም ሞልቶታል፤ ፎሙም እንደከረመ ዳቦ ደረቅ ነው። ድምፁን የደፈነው እሱ ነው። ጀልባን እንደ መኪና አንኳክቼ ኖሯል። ጆሮዬ በትክክል ሰማ፤ እኔ የማላውቀውን ቋንቋ ተረጎምኩ።

መሳሳት ኃጢአት አይደለም። ወለሉን መልሼ ዘጋሁት፤ ብሎኖቹንም አንድ በአንድ አጠበቅኋቸው። ኃጢአቱ እሱ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። የባለቤቴ ወንድም በአርባ አምስት ሺው ጉልበቱን አልታከመበትም፤ አልበቃውም። ከታመምኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እያነከሰ መጥቶ ጢሜን የሚላጨኝ እሱ ነው። «ጋሼ፣ አንገትህን ቀና አድርግ» ይለኛል፤ ምላጩን ይዞ። ቀና አደርጋለሁ። አንድ ቀንም አልነገርኩትም።

ሐኪሙ ቁርጤን ከነገረኝ ወዲህ ከፍርሃቱ ይልቅ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፦ ለመሆኑ እውነተኛ ዋጋዋ ስንት ነበር? ሞት ደጅ ቆሞ ሳለ ይህን ማሰብ ሞኝነት ይመስላል። እኔ ግን ምን ያህል እንደበደልኩ ሳላውቅ ይቅርታ መጠየቅ፣ ልኩን ሳይወስዱ በር እንደ መግጠም ሆነብኝ። መካኒኩን አስጠራሁት።

መካኒኩ አላንኳኳም። ካንዴላዎቹን ፈትቶ የሞተሩን ግፊት ለካ። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ወደ ብርሃን አወጣው፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው አለኝ፤ አልመሰለም። መቀመጫዎቹን አንሥቶ እንጨቱን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባት፣ ይቺ እኮ ላሜራ አይደለችም። ጆሮዎን ትተው እጅዎን ቢልኩ ይሻልዎት ነበር» ያለኝ። ስድብም ቢሆን እውነት ነው።

አገማመቱን አስተማረኝ። መጀመሪያ በደንብ የተያዘች እኩያዋ የምታወጣውን ትይዛለህ። እሷን እዚያ ለማድረስ የሚፈጀውን ትቀንሳለህ። ያልታየ ጉድለት ቢኖርስ የሚለውን ጥርጣሬ ደግሞ ለሁለት ትከፍለዋለህ፤ ግማሹን ሻጭ፣ ግማሹን ገዢ ይሸከማል፤ ሁለቱም አላዩትምና። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ እንደ ተማሪ ደስ አለኝ። የኃጢአቴን ልክ እያሰላሁ መደሰቴ ደግ ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

በዚህ ስሌት፣ በዚያ ዘመን እኩያዋ መቶ ሰማንያ ሺህ ታወጣ ነበር። ለማሳደስ ሃምሳ፣ ለጥርጣሬው ከተያዘው ሃያ ግማሹ አሥር ሲቀነስ መቶ ሃያ ሺህ ይቀራል። እኔ የሰጠሁት አርባ አምስት ነው፤ ሰባ አምስት ጎደለ። ዛሬ፣ ከእኔ አያያዝ በኋላ፣ እንደ ቆመች ሃምሳ ሁለት ሺህ ታወጣለች ብሎ መካኒኩ ገምቷል። ስለዚህ ጀልባዋ ለባለቤቴ ወንድም ትሁን፤ ከቁጠባዬም ሃያ ሦስት ሺህ ይጨመርለት።

ይህን እንዳልኩ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «አባት፣ እኚህ ሰው ምስክር ናቸው። ምስክር በኑዛዜው ከተጠቀመ ስጦታው ይፈርሳል። ወይ ከምስክርነቱ ይውጡ፣ ወይ አይቀበሉ» አለ።

አላወቅሁም ነበር። እኔ የጠራሁት ከአፌ እንዲሰማ ብዬ ነው። ያም ቢሆን የእኔ ጀግንነት አይደለም። በታሸገ ፖስታ ትቼለት ልሄድ ነበር ያሰብኩት። ልጄ ናት፣ «አባዬ፣ ከሞትክ በኋላ የሚነገረው ለእሱ ነው ወይስ ለአንተ ማምለጫ?» ብላ የወተወተችኝ።

የክፍሉ ሰው ሁሉ እሱን አየ። እሱም «መቶ ሃያ አታወጣም ነበር» አለ።

«ታወጣ ነበር» አልኩ።

ዛፍ ሥር የጣላት እሱ ራሱ መሆኑን፣ ወፏም ተከራይ ሆና የከረመችው በእሱ ፈቃድ መሆኑን ተናገረ፤ ከሰማንያ አታልፍም አለ። እኔ እንደ ምንም ወደ መቶ አሥራ አምስት ወረድኩለት። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሻጭ ዝቅ ገዢ ከፍ ሲያደርግ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ወንዱ ልጄ ደግሞ ከበሩ፣ የዚያን ጊዜ ገንዘብና የዛሬ ገንዘብ እኩል እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመረ። አጎቱ ዞር ብሎ «አንተ ልጅ፣ የአባትህ ኑዛዜ ነው ወይስ የባንክ ስብሰባ?» አለው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አፏን በመሐረቧ ሸፈነች።

ከዚያ የባለቤቴ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። በዚያ ሰሞን አንድ የዋና አሠልጣኝ ዘጠና አምስት ሺህ ሊሰጠው ተስማምቶ ኖሯል። እኔ ካንኳኳሁ በኋላ «ባለ ጆሮው በስብሳለች ብሏል» ሲባል ሰምቶ ቀረ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያሰብኩት በራሴ ኪስ ያስቀረሁትን ብቻ ነበር፤ በእሱ ላይ የዘጋሁትን በር አላየሁም።

መካኒኩ ፈረደ። «ሊገዛ የፈለገና ሊሸጥ የፈለገ አንዴ ከተስማሙ ዋጋው ያ ነው። የእኔ ስሌት ሰው ሲጠፋ ነው የሚሠራው» አለ። ዘጠና አምስት ይሁን ተባለ። የጎደለው ሃምሳ ሺህ ሆነ፤ ጀልባዋ ግን ሃምሳ ሁለት ታወጣለች። «እንዲያውም ሁለት ሺህ መላሽ አለብዎት» አለው ለባለቤቴ ወንድም። ሁላችንም ሣቅን፤ እሱ ግን አልሣቀም።

«እህቴ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

ጸሐፊው ይህን ልጻፍ ወይ ብሎ አየኝ። ጻፍ አልኩት። እውነቴን ነው፣ አታውቅም ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የሞተችውን ማዳን መስሎኝ። የማድነው ግን ራሴን ነበር።

«ታውቅ ነበር» አልኩ። «ወለሉን ስከፍት ባትሪ ያበራችልኝ እሷ ናት። ‹ነገ ሄደህ ንገረው፤ ጥፋቱ የአንተ ነው፣ ከአንተ አፍ ይስማ› አለችኝ። እሺ አልኳት። አንድ ሳምንት ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ጀልባዋ ላይ እግሯን አላሳረፈችም።»

ሸራ ያለበስኳት ለዚህ ነው። ሰዎች ለምን ይህን የመሰለ ዕቃ ጣልከው ሲሉኝ ጊዜ የለኝም እል ነበር። ጊዜስ ነበረኝ። ባለቤቴ ባልወጣችባት ጀልባ ብቻዬን ሐይቅ ላይ መሄድ አልቻልኩም።

የባለቤቴ ወንድም ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እሷ በሕይወት ሳለች ብትነግረኝ እስቅብህ ነበር፣ ጋሼ። ባለ ጆሮው ፎም አንኳክቶ በሰበሰ አለ ብዬ ሰፈሩን አስቅብህ ነበር። አሁን መሣቅ አቃተኝ» አለ።

እኔም ይቅር በለኝ አልኩት። ጸሐፊው ግን ሥራው ነውና፣ ይወጣሉ ወይስ ይቆያሉ ብሎ ጠየቀው።

«አራተኛውን ሰርዘው» አለ።

አልቀበልም ማለቱ መሰለኝ። የፈራሁት እሱን ነበር፤ ትቼልሃለሁ ብሎኝ ሸክሜን ጀርባዬ ላይ ጥሎት እንዳይሄድ። እሱ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ኑዛዜ የሚሠራው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። እኔ ከሞተ ሰው ዋጋ አልቀበልም። ዛሬ ነው የምፈልገው። ተነሥና በእጅህ ስጠኝ» አለኝ።

ተነሣሁ። ሴቷ ልጄ በቀኝ፣ ወንዱ በግራ ያዙኝ፤ ሁለቱ አንድ ዕቃ ተባብረው ሲያነሡ ካየሁ ቆይቻለሁ። ጓሮ ወጣን፤ ምስክሮቹም ተከተሉን። በተጎታቿ ጎን ቆሜ የሞተሩን ቁልፍና ሊብሬዋን ሰጠሁት፤ የዝውውሩንም ወረቀት በዚያው ፈረምኩ። እሱም ሁለት ሺህ ቆጥሮ መዳፌ ላይ አኖረ። እንቢ ልል ነበር፤ አሁንም ዋጋውን እኔ ልወስን ነው ወይ ብዬ ተቀበልኩ። አላቀፈኝም። ሸራውን ገለጥ አድርጎ አየና «ጎማዎቿን ገድለሃቸዋል» አለኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ወቀሳው ነው። እውነትህን ነው አልኩት።

አምስተኛ፦ ለልጆቼ ሁለት ገጽ ምክር አዘጋጅቼ ነበር። ትቼዋለሁ። ዛሬ ጓሮ አብራችሁኝ ነበራችሁ።

እንግዲህ ከላይ አራተኛ ተብሎ የተጻፈው፣ ቃሉ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዟል። ጀልባዋ በሕይወቴ ሳለሁ፣ በዋጋዋ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለችና ከውርሴ ውስጥ የለችም፤ ማንም ልጁ ነኝ ባይ አይጠይቃትም። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል፤ የተናገርኩት ነው፤ አልጨመረም፣ አልጎደለም። ፈጣሪ የቀረኝን ቀን ይባርክልኝ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ተናዛዡ፣ ባለ ጆሮው፦ (ፊርማ)

አንደኛ ምስክር፣ የሒሳብ መምህሩ፦ (ፊርማ)

ሁለተኛ ምስክር፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፦ (ፊርማ)

ሦስተኛ ምስክር፣ የጀልባ መካኒኩ፦ (ፊርማ)

አራተኛ ምስክር፣ የተናዛዡ ባለቤት ወንድም፦ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ኑዛዜ የወሰድኩት የለም። (ፊርማ)