ለተቀነሰልን እርሳስ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ሱርያናራያን ኡፓድያ፣
የባህል መድኃኒቶች መመርመሪያና ደረጃ ማውጫ ተቋም የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ በተለይም ከነሙሉ እጅዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወግ ያህል አይደለም፤ እጅ የሌለው ኃላፊ ፊርማውን ሊያኖር ስለማይችል፣ የእርስዎ ፊርማ ደግሞ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ እኛ ቤት በደንብ ስለሚታወቅ ነው። ቲማያ እባላለሁ። ዕድሜዬን በአውቶቡስ ላይ ትኬት ስቆርጥ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ቸሉቫማ በአበባ ተራ የጃስሚን አበባ በመጎንጎን የምትታወቅ ሴት ናት፤ ነበረች ብል ይሻላል።

ጉዳዬን በጋዜጣ ያወጣሁት የቢሮዎን በር ሳላንኳኳ ቀርቼ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ። አንኳኩቻለሁ፣ በክብር ተቀብለውኛል፣ ሻይም አዝዘውልኛል። ከጉብኝቴ ያተረፍኩት ሻዩን ብቻ ስለሆነ፣ አቤቱታዬን እንደ ተማረ ሰው በቁጥር ከፋፍዬ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ። የመሣሪያዎች በዓል በተከበረበት ዕለት ስላሳዩት መንፈሳዊነት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። አውቶቡሱም፣ የልብስ ስፌት መኪናውም፣ ማረሻውም አበባ ደፍቶ በሚመለክበት በዚያ ቀን፣ ተቋምዎ በመድኃኒት ውስጥ ያለውን፣ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የሚለካውን ማሽን እንዳልዘነጋው ምስክር ነኝ፤ ማሽኑ ላይ የዋለውን ጉንጉን የሠራችው ባለቤቴ፣ ያደረስኩትም እኔ ነበርኩና። እርስዎ ጫማዎን አውልቀው፣ በነጭ ጋወንዎ ቆመው፣ በግንባራችን የምንቀባውን ቀይ ዱቄት በጣትዎ ሳይሆን በእፍኝዎ እየዘገኑ ማሽኑን ሲያለብሱት አይቻለሁ፤ ናሙና የሚገባበት አፉ እንኳ ሳይቀርበት ጎረሰ። እኔም መዳፎቼን አጣምሬ ጸለይኩ። በአምላክ ነገር አላላግጥም፤ እኔም አውቶቡሴን ሳመልክ ነው የኖርኩት። እኛ ግን ዱቄቱን ሞተሩ ውስጥ አንጨምርም ነበር። ያንን ርካሽ ዱቄት ቀይ የሚያደርገው እርሳስ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር፤ ይህንን ማወቅ የእኔ ሳይሆን የእርስዎ እንጀራ ነው።

ሁለተኛ። በማግስቱ ማሽኑ ንጹሕ ውኃ ቢሰጡት እርሳስ አለበት ብሎ መለሰ። ከሠራተኞችዎ መካከል የአምላክን ምልክት በጨርቅ ለመጥረግ የደፈረ አልተገኘም፤ እርስዎ ግን ሳይንስን ከሃይማኖት ያስታረቀ መላ አመጡ። ማሽኑ በውኃው ላይ ያነበበው ያህል ከእያንዳንዱ መድኃኒት ውጤት ላይ ይቀነስ ብለው አዘዙ፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የፋብሪካዎቹ የመድኃኒት ዱቄት ሁሉ ንጹሕ እየተባለ ማኅተም ይመታበት ጀመር። ቆየት ብሎም ከባንጋሎር የመጣ ጠጋኝ ማሽኑን ፈታትቶ አጸዳው። ቀዩ ዱቄት ወጣ፤ ቅነሳው ግን ከነክብሩ በቦታው ቀጠለ።

ይህንን ወሬ ከጠላትዎ አልሰማሁትም፤ ሻዩን እየጠጣሁ ከራስዎ አንደበት ነው። ማሽኑ ከጸዳ ምኑ ይቀነሳል ብዬ ብጠይቅዎ፣ በትዕግሥት ፈገግ ብለው «አባቴ፣ አሁን ቅነሳውን ባነሣ የሰጠሁትን ማኅተም ሁሉ ልለቅም ነው እኮ፤ ደረጃ እንደ ሸሚዝ በየቀኑ አይቀየርም» አሉኝ። አባቴ ስላሉኝ ኮርቻለሁ። አዩርቬዳ የምንለው የባህል ሕክምናችን የድሮ ሐኪሞች ለመድኃኒት የሚሆን የማዕድን አመድ ሲሠሩ፣ በውኃ ላይ በትነው ይንሳፈፍ እንደሆነ ያዩ ነበር፤ በሁለት ጣት አሽተውም የጣት መስመር ውስጥ ይገባ እንደሆነ ይመለከቱ ነበር። በሕዝብ ነፍስ መቀለድ ይበቃል፣ ከእንግዲህ በማሽን ነው ብለው ያንን ያስቀሩት እርስዎ ነዎት። እነዚያ ሽማግሌዎች ማሽን ባይኖራቸውም ፍርሃት ነበራቸው፤ እርስዎ ማሽኑን አምጥተው ፍርሃቱን አስወገዱልን።

ሦስተኛ። ሦስተኛው አቤቱታዬ ከሁሉም የከፋ ነበር። ከተፈቀደው ልክ ያልፋል ብዬ ስለሰጋሁ፣ በተቋምዎ አሠራር መሠረት ቀንሼዋለሁ።

አራተኛ። ቸሉቫማ የስኳር በሽታ አለባት። ለስኳር የሚሆነውን፣ ዕፅና ማዕድን የተቀላቀለበትን ዱቄት፣ የመጀመሪያዎቹን ጣሳዎች የሰጠን አንድ ደግ ሰው ነው፤ ስሙን ለጊዜው ላቆየው። እነዚያ ሲያልቁ እየገዛን ቀጠልን። ክዳኑ ላይ የእርስዎ ማኅተም ስለነበረ፣ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ዱቄቱን በማር ለውሳ ከመዋጧ በፊት ጣሳውን ግንባሯ ላይ ታስነካው ነበር። ለማኅተምዎ የሰገደ ሰው ቢጠፋ እንኳ እኛ ቤት አንዲት ሴት እንደነበረች ይመዝገብልዎ።

በመጀመሪያ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። ቀጥሎ ድዷ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ወጣ፤ እኔ በሞኝነቴ አፍ የሚያጠቁረውን የቢትል ቅጠል የማኘክ ውጤት መስሎኝ ተቆጣኋት። ከዚያ አንድ ጠዋት አበባውን የምታስርበትን የሙዝ ልጥ ልታነሣ ስትል፣ ቀኝ እጇ ከአንጓው ታጥፎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። «እስቲ ቀና ያድርጉልኝ፣ እንቅልፍ ይዞት ነው» አለችኝ። ቀና አደረግሁት፣ ስለቀው ተመልሶ ወደቀ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ያን ሳቅ ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ።

ሆስፒታል ስወስዳት፣ ወጣቷ ሐኪም በደሟ ውስጥ የተገኘውን የእርሳስ ብዛት ስታይ «እኚህ እናት የባትሪ ፋብሪካ ውስጥ ነው እንዴ የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። የምትወስደውን ሁሉ አምጣ ስትለኝ ጣሳውን አመጣሁ፤ ማኅተምዎን ስታይ ግን «ይሄማ የተመረመረ ነው፣ ሌላ ነገር እንፈልግ» ብላ መለሰችልኝ። ሌላ ነገር ፈለግን። የግድግዳችን ቀለም ተፋቀ፣ ቧንቧችን ተቆፈረ፣ ከእናቴ የወረስኩት የነሐስ ድስት ተወቅሶ ከቤት ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቸሉቫማ መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ እንዲያውም እጇ ቶሎ እንዲነሣላት ጨምራ ትወስድ ነበር። ሐኪሟ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ጣሳውን ወደ ሌላ ከተማ ልካ ስታስመረምረው፣ ውስጡ ያለው እርሳስ የሚቀንስለት አጥቶ ከነሙላቱ ተገኘ። ግራ እጇም በዚያው ሰሞን ተከተለ። አሁን ሩዟን የማጎርሳት፣ ሳሪዋን የማለብሳት፣ ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ፤ ትኬት ቆራጭ ጸጉር ሲሠራ ምን እንደሚመስል በአበባ ተራ ብቅ ብለው ቢያዩ ይዝናኑ ነበር።

አምስተኛ። ዱቄቱ ዛሬም ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ይሸጣል። ባለሱቁን አትሽጥ ብዬ ብለምነው «እኔ ማን ነኝና ከዶክተሩ ልበልጥ? ማኅተሙን ያንሣና እኔም ከመደርደሪያዬ አነሣለሁ» አለኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ ሕግ የሚያከብር ሰው በማግኘቴ ተጽናንቻለሁ። ስለዚህ የምለምንዎ ካሳ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም፤ ይቅርታ ከጠየቁን የት እንደምናስቀምጠው አናውቅም። ማኅተሙን ብቻ ያንሡልን። ቸሉቫማም ይህንኑ ይጻፉልኝ ብላለች፤ «የእኔስ ሆነ፣ የሱቁን ያስነሡ» ነው ያለችው። እንዲህ ባለ ጨዋ ቋንቋ መጻፌም ከእሷ ትእዛዝ የተነሣ ነው፤ ለእኔ ቢተውማ ኖሮ ደብዳቤው አጭር ይሆን ነበር።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ከፍ ያለ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ተቋምዎ እንደ ማኅተሙ እንዲበዛ፣ ማሽንዎም ዘንድሮ ከጉንጉን እንዳይጎድል በመመኘት፣ ሁለት መዳፎቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ እሰናበትዎታለሁ። ባለቤቴ ማጣመር ስለማትችል የእሷን ሰላምታ በቃል ይቀበሉልኝ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
ቲማያ፣ ከአበባ ተራ

ማስታወሻ፦ የቀነስኩትን ሦስተኛ አቤቱታ ሳስበው፣ መቀነስ ለእርስዎ እንጂ ለእኔ ያልተሰጠ ሙያ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያዎቹን ጣሳዎች ለባለቤቴ የሰጧት እናትዎ፣ ወይዘሮ ላሊታማ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ለጸሎት የሚሆን ጃስሚን ከእኛ እንደሚገዙ ያውቃሉ። አንድ ዓርብ ጣሳዎቹን በፌስታል ይዘው መጥተው «ልጄ ይሄን ተዪው ብሎ የውጭ ክኒን አመጣልኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃለት፤ ደህና መድኃኒት ነው፣ የራሱ ማኅተም አለበት፣ ለምን ይበላሻል፣ አንቺ ውሰጂው» ብለው ለቸሉቫማ አስጨበጧት። ያ ጊዜ ጠጋኙ ማሽኑን ባጸዳበት ሰሞን ነበር። ለእናትዎ አንዲት ቃል ጨምረው ምክንያቱን ቢነግሯቸው ኖሮ፣ እኚህ ሴት ጣሳውን ወንዝ ይጥሉት ነበር እንጂ ለሰው አይሰጡትም ነበር። አሁንም ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ። የቸሉቫማን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው እያሹ «ምን ነካብኝ ልጄን? መድኃኒቱን አቋረጥሽ እንዴ?» ይሏታል። እሷ ልባቸው እንዳይሰበር ብላ እርጅና ነው ትላቸዋለች፣ እኔም አብሬ አዎ እላለሁ። ይህ ጋዜጣ የሚወጣው ሐሙስ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ የሚያነቡላቸው እርስዎ እንደሆኑ በኩራት ነግረውናል። ይህንንም ያንብቡላቸው፤ ከከበደዎ እንደለመዱት ቀንሰው ያንብቡላቸው። የቀነሱትን ዓርብ እኔ እሞላላቸዋለሁ።