ሐኪም ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኞ
ለመላው የአዳማ ሕዝብ በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፦ ከቡኒ ካልሲዎቼ አንዱ ዛሬ ጠዋት ተሰውሯል። ባለቤቴ ብርቄ ሌላ ጊዜ ቢሆን እየረገመችኝ ቤቱን ታገላብጠው ነበር። ዛሬ ትራስ እንደተደገፈች ቀረች። እንቅርቷ ጉሮሮዋን ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጥራታል፤ በጀርባዋ ከተኛችማ ትታፈናለች።

ከሰዓት እንቅርቱን ያወጣል የተባለው ሐኪም ዘንድ ሄድን። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «በቀዶ ጥገናው ድምፃቸው ሊጠፋ ይችላል። አዲስ አበባ ቢወስዷቸው ይሻላል» አለኝ። እዚያ ወረፋው ወራት ነው። እሷ ደግሞ ገና ዱከም ሳትደርስ መኪና ያዞራታል። ስንወጣ ነርሷ ሹክ አለችኝ፦ ሐኪሙ አንዴ ተከሶ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ከርሟል፤ ከዚያ ወዲህ ከበድ ያለውን በሽተኛ ሁሉ አዲስ አበባ ይልካል።

ብርቄ ለምን ለብቻህ ጠራህ ስትለኝ፣ «መልክሽን አይቶ ደንግጦ ነው» አልኳት። የድምፅዋን ነገር ዋጥኩት። ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ?

ማክሰኞ
እዚሁ እንዲሠራት ሐኪሙ ላይ ሽማግሌ ላክሁበት። መቂ ሽንኩርት ሲነግድ የኖረው ጎረቤቴ ሐጂ ከድርና የዕድራችን ዳኛ አቶ ደጀኔ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። እኔ ከኋላ።

ሐኪሙ ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። ለካ የከሳሾቹም ሽማግሌዎች እንዲሁ ሆነው ነው ካሳ ሊጠይቁት የመጡት።

«ተቀመጡ አባቶቼ» አለ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አለ ሐጂ። የታመመ ጉልበቱን ስለማውቀው ሳቄን በግድ ያዝኩ።

አቶ ደጀኔ፣ «ምንም ቢመጣ አንከስህም» ብሎ ማለለት።

«ቃላችሁን አከብራለሁ፤ ግን ከሕግ አያስጥለኝም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ያኔ የተከሰስኩት ቤተሰብ ፈርሞልኝ፣ በሽተኛዋ ግን ምንም ሳታውቅ ቀዶ ጥገና በማድረጌ ነው። እማማስ ያውቃሉ?»

ሽማግሌዎቼ እኔን አዩኝ። ሐጂ ከድር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ረቡዕ
ነገርኳት። «ድምፅሽ ከጠፋማ ለእኔ ዓመት በዓል ነው» ብዬ ጀመርኩ። አልሳቀችም።

«ከሰኞ ጀምረህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«እኔ የቸገረኝ ትንፋሽ ነው። ድምፄን የምትፈልገው አንተ ነህ፣ ስትለክፍ የሚመልስልህ እንዳታጣ።»

ባጃጅ አስጠርታ እኔን አስከትላ ራሷ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። የሚፈራውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገረችው። ሲጨርስ፣ «ገባኝ። አሁንስ ትሠራልኛለህ?» አለችው። የቀጠሮ ደብተሩን ገልጦ፣ «አብሮኝ የሚገባ ሐኪም ልፈልግ። ቅዳሜ ይምጡ» አላት።

እንዲህ ቀላል ከነበረ ሽማግሌ ምን አስላከኝ?

ቅዳሜ
ገባች። ሐጂ ከድር በረንዳው ላይ መቁጠሪያውን ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔም ሳልለክፈው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ወጣች። ትተነፍሳለች። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና፣ «ካልሲህ ተገኘ?» አለች።

እሁድ
ብርቄ በጀርባዋ ተኝታ፣ ሳትታፈን አደረች። ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ፣ «ድምፃቸው ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል፤ እርግጠኛ ነኝ ግን አልልም» አለ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ እሷም እየሰማች።

ትናንት ከጻፍኩት አንዱ ፈጠራዬ ነው። «ካልሲህ ተገኘ?» አላለችም። ከንፈሯ ተላቀቀ እንጂ ድምፅ አልወጣትም። እግሬን አየች፤ አንዱ ካልሲ ቡኒ፣ አንዱ ጥቁር። በጣቷ አሳየችኝና ራሷን ነቀነቀች።