የአባባ እግርና አዲሱ ፍሪሲዮን

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ

ዛሬ በራሴ አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት የስፖርት መኪናዬን ደህና ፍሪሲዮን አስወጥቼ ጠንካራ አስገጠምኩ፤ ስረግጠው ደስ እንዲለኝ ብዬ ብቻ። ዛሬ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረው አባቴ፣ "እስቲ እኔም ልሞክራት" አለኝ። ጉዱማሌ መናፈሻ አጠገብ፣ ጡረተኛ ጓደኞቹ እያዩት፣ ሞተሯ ሦስት ጊዜ ጠፋበት። ሳቁበት።

"ፍሪሲዮኗ ከበደችኝ። እግሬ አልቋል ማለት ነው፣ ልጄ" ብሎ ቁልፉን መለሰልኝ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ ያጠነከርኩት" ማለት ነበረብኝ። ደህናውን ለምን አስወጣህ እንዳይለኝ ፈርቼ ቁልፉን ብቻ ተቀበልኩት።

ቤት ስንገባ ለእማዬ፣ "ከእንግዲህ መሪ አልጨብጥም" አላት።

"ተመስገን! እንኳን በሰላም ጨረስክ" አለችው።

እኔም አብሬ አሜን አልኩ።