ተምር ይዤ የቆምኩበት ጎል

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ ሰዲቅ፤

ወገብህን ተሻለህ ወይ? ከሁሉ በፊት እሱን ንገረን። ያ የጭነት መኪና ወንበር አሁንም ያሠቃይሃል ወይስ ቀየሩልህ? ጤናህስ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? የጅዳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? የሸዋ ሮቢት ልጅ ሙቀት አይፈራም እያልክ ነበር የሄድከው፤ አሁን ኤሲ ካልተከፈተ አልተኛም ይላል አሉ ብሎ ባለቤቴ ኢብሮ ይስቅብሃል። ፆሙን እንዴት ጨረስከው? ዒድን ከማን ጋር ዋልክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ በሽታው ጉልበቷን ቢይዝም ምላሷን አልያዘም። ናፍቆትህ ብቻ ነው ያስቸገረን፤ በዒድ ጠዋት ትሪው ሲቀርብ የአንተን ቦታ ማንም ሳይቀመጥበት ዋለ።

ይህን የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ አንተም ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ መሃል ላይ ይቆራረጥና ሁለታችንም ያልተባለ ነገር ሰምተን እናኮርፋለን። የጎረቤታችን ልጅ ኑርሃን ወደዚያ ልትበር ስለሆነ ከበሶው ጋር ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ወረቀት ላይ ልታቋርጠኝ አትችልም። የምጽፈውም ስለ ታናሻችን ስለ ሙጂብ ነው። አንተ ያን ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ ከዘጋህበት ወዲህ የላክህለትን ታኬታ ጓዳ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅሎ ኳስ በቃኝ ብሏል። ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርት ማሳው ይወርዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ወሬውን ማን እንዳደረሰህ አላውቅም፤ ሙሉውን ግን አላደረሰህምና ከሥሩ ልንገርህ።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው አገሩ ሁሉ ፆመኛ ነበር። ለረመዳን ዋንጫ ፍጻሜ የደረሱት የእኛ ልጆችና የካራቆሬ ልጆች ናቸው፤ ጨዋታውም ደርሶ መልስ ነው። የመጀመሪያው እኛ ሜዳ ሆነ። ልማዱን ታውቀዋለህ፤ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ይጀመራል፣ ወደ አዛን ግድም ያልቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ቡድን አብሮ ያፈጥራል። የባለሜዳው ሴቶች ተምርና ውሃ ይዘን የምንቆመው ከእንግዶቹ ጎል ጀርባ ነው፤ እንግዳ ይቀድማል፣ ፆመኛን የማስፈጠር አጅሩም፣ ምንዳውም ቀላል አይደለም። እኔም ትሪዬን ይዤ ከካራቆሬ ጎል ኋላ ቆምኩ። ጎረቤቴ ሮማን የውሃውን ጀሪካን ተሸክማልኝ መጣች፤ እሷም ሁዳዴዋን ይዛ አፏ ደርቋል።

የካራቆሬዎቹ መኪና መንገድ ላይ በከባድ መኪና ሰልፍ ተይዞ ዘገየና ጨዋታው ሳያልቅ መሸ። ዜሮ ለዜሮ ናቸው። ስምምነቱ አዛን ሲል ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም አፍጥሮ ይቀጥላል የሚል ነው። ዳኛው የስፖርት መምህሩ ጋሼ ሀይሉ ነበሩ። የገበያው መስጊድ ቀድሞ አዛን አለ፤ ጋሼ ሀይሉ ግን የትልቁን መስጊድ እየጠበቁ ኖሮ አልነፉም። ተጫዋቹ ማንን ይጠብቃል? ወሩን ሙሉ የለመደው ጆሮ ነው፣ አላሁ አክበር ሲባል ሁሉም ባለበት ቆመ። የካራቆሬው በረኛ አብዱረዛቅ የሚባል ረዥም ልጅ ነው፤ ና ልጄ፣ እንካ አፍጥር ብዬ የጠራሁት እኔው ነኝ። ዞሮ ተቀበለኝ፣ ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰ።

በዚህ መሃል ሙጂብ ሲሮጥ አየሁት። ወላሂ ሰዲቅ፣ ተምር ሊወስድ የሚሮጥ ነው የመሰለኝ፤ ደህና ፍሬ መርጬ ሁሉ ያዝኩለት። ኳሱ መረቡን መትቶ እግሬ ሥር ሲቆም ነው የነቃሁት።

ሜዳው ተናወጠ። የካራቆሬ ልጆች ጋሼ ሀይሉን ከበቧቸው፤ እሳቸውም ላባቸውን እየጠረጉ፣ ልጆቼ ፊሽካ አልነፋሁም፣ ያልተነፋ ፊሽካ ጨዋታ አያቆምም፣ ምን ላድርግ አሉ። ጎሉ ጸደቀ። አብዱረዛቅ ግን አልጮኸም። የጎረሰውን አላምጦ ዋጠና አንዴ ትሪዬን፣ አንዴ እኔን አየ። ሙጂብን ዞር ብሎም አላየውም። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ሙጂብን በትከሻ ተሸክመው ቤት አመጡት። አንተም ደውለህ በድምጽ ማጉያው አንበሳ! እያልክ ቤቱን አናጋኸው፤ ልጁ ከደስታው ብዛት ሾርባው ቀዘቀዘበት። እማ ሁሉን ሰማችና አፍጥረህ ነው ያገባኸው ወይስ ሳታፈጥር? አለችው። ሳላፈጥር አላት። እንግዲያ ምን አስቸኮለህ? አለችና ወደ ሶላቷ ሄደች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ከእኛ ቤት ግን ዥንጉርጉሯ እናቲቱ ራሷ ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልነገረህም። በገበያው፣ ራቢዓ ተምር አጉርሳ ጎል አስገባች የሚል ወሬ ተነዛ። ከካራቆሬ የዒድ ቀሚሷን ልታሰፋ የመጣች ደንበኛዬ ውሃ ብሰጣት፣ አንቺ ስትሰጪ ኋላን እያዩ መቀበል ነው ብላ ሳቀች። ቀልድ ናት፤ ቀልድም እንደ መርፌ የሚወጋበት ቀን አለ። እኔ እጄን ለተንኮል ዘርግቼ አላውቅም። ለሙጂብ ብነግረው ተቆጣ። ሕግ ሕግ ነው፣ ፊሽካ አልተነፋም፣ ለማሸነፍ ካልሆነ ለምንድን ነው ከሰዓቱን ሙሉ በጥማት የምንቃጠለው? አለኝ። ለመልሱ ጨዋታ ከደብረ ብርሃን አንድ አሰልጣኝ ልጆች ሊመርጥ እንደሚመጣም ሰምቶ ነበር፤ ልቡ ያለው እዚያ ነው። አልፈረድኩበትም፣ ግን አኮረፍኩት።

መልሱን ለመጫወት በኢብሮ ሚኒባስ ካራቆሬ ወረድን። ዳኛው መስፍን የሚባል የደብረ ሲና ሰው ነው፤ የአገሩን ብርድ ለምዶ የቆላው ሙቀት እንደ ቅቤ ያቀለጠው። ገና ሳይጀመር፣ አዛን ሲል ምን ይሁን በሚለው ክርክር ተነሣ። የእኛዎቹ እንደ ልማዱ ይቁም አሉ፤ ካራቆሬዎች ወይ ፍንክች! ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እኛ አንዴ ተመንጥረናል፣ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም አይቆምም አሉ። ስለ አዛኑ ሲከራከሩ ቆይተው ፊሽካ ሳይነፋ ማንም እንዳይቆም የተስማሙት ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ያው የፈሩት አዛን መጥቶ ጨዋታው ሳያልቅ ያዛቸው።

ያን ጊዜም ዜሮ ለዜሮ ናቸው። በዚያው ቢያልቅ ዋንጫው የእኛ ነው። ካራቆሬ ኮርና አግኝቶ ሁሉም እኛ ጎል ፊት ተሰብስቧል። ኳሱ ተመትቶ አየር ላይ እንዳለ አዛን አለ። መስፍን አልነፋም፤ ሁዳዴውን እንጂ የእኛን ሰዓት ከየት ይወቀው? ሰዲቅ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ጎረምሳ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃው እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ፣ አንዱ አንዱን እየጠረጠረ አንድም ሰው አላፈጠረም። ከእኛ ጎል ጀርባ ተምር ይዛ የቆመችው የአብዱረዛቅ እናት ናት። ለበረኛችን ያዝ ልጄ፣ አፍጥር ብላ እጇን ዘረጋችለት። ዞር ብሎም አላያት። እጇ ተዘርግቶ ቀረ። እኔ ከዳር ሆኜ ሳያት እንባዬ መጣ።

ሙጂብ ለመከላከል ወርዶ ስለነበር ኳሱ እግሩ ሥር ወደቀ። ምታው! ምታው! ይሉታል። እሱ ዞሮ ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና ኳሱን በሁለት እጁ አነሣው። አዎ፣ በእጁ፣ ጎሉ አፍ ላይ! ብብቱ ሥር ሸጉጦት ወደ እሷ ሄደ፣ ተምሯን ተቀበለ፣ ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ አብዱረዛቅ ከወዲያኛው ጎል መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ፣ ቀጥሎ ሁሉም ወደ ውሃው ሮጠ።

ኳሱን በእጁ በማንሣቱ የተሰጠብን ሪጎሬ የተመታው ሁሉም ካፈጠረ በኋላ ነው። መስፍን ሕጉን ከመፈጸም በቀር ምን ያድርግ? ከካራቆሬ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ወደ ውጭ ምታው እያሉ ይጮሁ ነበር፤ መቺው ግን አስተካክሎ አገባው። ወደ ውጭ ይመታዋል ብዬ ጠብቄ ነበርና ልቤን ቅር አለው፣ አልዋሽህም። ግን በምን አፌ እናገራለሁ? እነሱም ለማሸነፍ ነው በፆም አንጀታቸው የሮጡት። ድምሩ አንድ ለአንድ ሆነና በመለያ ምት ተሸነፍን። ሙጂብ የራሱን አግብቷል፤ የሳተው ሌላ ልጅ ነው። ዋንጫው ካራቆሬ ቀረ። አሰልጣኙ አብዱረዛቅን መረጠ፤ ስለ ሙጂብ ሲጠየቅ በጨዋታ መሃል ኳስ በእጁ የሚያነሣ ልጅ አያስተማምንም አለ አሉ።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ አንዱ ከኋላ ወንበር ይሄ ልጅ ሸጠን አለ። ሙጂብ መስኮቱን ሲያይ ነበር። ከኋላው ተቀምጬ ለምን አደረግከው? አልኩት። ዞሮ አላየኝም። እጇ ያንቺን እጅ መሰለኝ አለኝ። ኩርፊያዬ ያኔውኑ ለቀቀኝ።

ቤት እንደደረሰ ለማንም ሳይሆን ለአንተ ነው የደወለው። አንተም ወሬው ቀድሞ ደርሶህ ኖሮ፣ ጫማ የላክሁልህ ኳስ በእጅህ እንድትይዝ ነው ወይ፣ ሞኝ! ብለህ ዘጋህበት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ስልኩን ቶሎ ከጆሮው አላነሣም፤ ትቀጥላለህ ብሎ ነው መሰለኝ።

በዒድ ማግስት አብዱረዛቅና እናቱ ሊጠይቁን መጡ። እናቱ ተምር በሳህን ይዛ፣ እንግዲህ ኋላሽን ሳታዪ ብዪ አለችኝና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ያቺ ሳቅ በገበያ የጠፋውን ስሜን መለሰችልኝ። ልጇ ሙጂብን ና ትንሽ እንምታ ቢለው ኳስ ትቻለሁ አለው። አብዱረዛቅ በጓዳው በር በኩል ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ታኬታ አየ፣ እኔን አየኝ። እኔም ሆንኩ እማ ያላልነው የለም። ግን ኳስ መምታት ያስተማርከው አንተ ነህ፤ የእኛ ቃል ያንን ጫማ ከምስማር አያወርደውም።

በኳስ ሕግ አጥፍቷል ካልክ አልከራከርህም፤ እኔ የማውቀው መርፌና ክር ነው። ሞኝም ልትለው ትችላለህ፤ ወንድምነትህ ነው። ነገር ግን ደውለህ በለው። በመጀመሪያው ቀን አንበሳ ብለኸዋል፤ እኔ ዘንድ ግን የአንበሳነቱ ቀን ሁለተኛው ነበር። ባትስማማም ቅር አይለኝም፤ ብቻ ድምፅህን ያሰማው።

እማ ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም እሷ ታውቃለች። ኢብሮ በጣም ሰላም ይልሃል፣ ኤሲህ እንዳያሳምምህ ብሏል። ልጄ ሐያት የፊት ጥርሷ ወልቆ እየተኮላተፈች ሰላም ትልሃለች። ሮማን እንኳን አደረሰህ ብላለች፤ አንተም ለፋሲካዋ እንኳን አደረሰሽ ማለት እንዳትረሳ። ጋሼ ሀይሉም ጠይቀውሃል።

ሙጂብ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ያላለውንም አልጽፍም። ብቻ ይህን ደብዳቤ ልጀምር ስል በሩ ላይ ቆሞ ለማን ነው? አለኝ። ለሰዲቅ አልኩት። ሊወጣ ከዞረ በኋላ ተመልሶ፣ ከሁሉ በፊት ወገቡን ተሻለው ወይ ብለሽ ጠይቂው አለኝ።

እህትህ ራቢዓ
ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.